ሰው የሞተር ሳይክል መደገፊያ አይደለም



በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምታነቡት ስለ ወባ፣ ስለ እጅ መታጠብና ስለ ሕፃናት ክትባት ነው። ዛሬ ግን የሞተር ሳይክል የፊት ሾክ በቤት ውስጥ ስለ መቀየር ልጽፍላችሁ ተነሥቻለሁ። «የጤና ሠራተኛንና ብሎንን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገናኛቸው አንድ ቅዳሜ ማታ ተረኛ ሆኜ ሳለሁ አባቱ ተሸክሞት የመጣ የ11 ዓመት ልጅ ነው።

አባትየው እዚሁ ካኩማ ውስጥ ቦዳ ቦዳ ነጂ ነው። የሞተር ሳይክሉ የፊት ሾክ ዘይት ማንጠባጠብ ከጀመረ ሰንብቷል። እሑድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ገበያ የሚያደርሳቸው ደንበኞች ነበሩት። የጋራዡን ሒሳብ ለማትረፍ ብሎ ቅዳሜ ማታ በግቢው ውስጥ ራሱ ሊቀይረው ጀመረ። ሞተር ሳይክሉን አሸዋው ላይ አቆመ፤ ከኢንጂኑ ሥር ሁለት የጭቃ ጡብ ደረደረ፤ ልጁንም ጠርቶ «መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝልኝ» አለው። የፊት ጎማው ወጣ። አንደኛው ሾክ አልነቀል ብሎ ሲያስቸግረው በመዶሻ መታው። ያን ጊዜ ጡቡ ፈረሰ፤ የሞተር ሳይክሉ መቆሚያ በአንድ በኩል አሸዋው ውስጥ ሰመጠ፤ ሞተር ሳይክሉም በልጁ ላይ ዘመመ።

ልጁ ለቆ መሸሽ ይችል ነበር። አልለቀቀም። በኋላ ለምን እንዳልለቀቀ ስጠይቀው «አባዬ ያዝ ብሎኝ ነበር» ብሎ መለሰልኝ። ከጉልበቱ በታች የቀኝ እግሩ አጥንት ተሰበረ። ወደ ሆስፒታል ተላከ፤ እግሩ በጀሶ ታሰረ፤ የትምህርት ቤት ፈተናውም አመለጠው። ይህን የምጽፈው በአባትየው ፈቃድ ነው። ስሙ እንዳይነሣ ለመነኝ፤ ነገሩ ግን እንዲጻፍ የፈለገው ራሱ ነው።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አንድ ብቻ ነው። ሞተር ሳይክል በቤታችሁ ልትጠግኑ ትችላላችሁ፤ ሰውን ግን መደገፊያ አታድርጉ። ልጅን፣ ሚስትን፣ ጎረቤትን «ያዝልኝ»፣ «ያዥልኝ» ብላችሁ የከባድ ነገር ምሰሶ አታድርጉ። ሞተር ሳይክሉ ሰው ሳይነካው በራሱ መቆም ካልቻለ ሥራው አልተጀመረም ማለት ነው።

ለምን ይህን ያህል እንለምደዋለን?

በእኛ ሰፈር ሞተር ሳይክል መዝናኛ አይደለም። ነፍሰ ጡርን ወደ ክሊኒክ ያደርሳል፤ ጤፍና ሽንኩርት ወደ ሱቅ ያመላልሳል፤ የብዙ ቤት እንጀራ በእርሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የምግብ እርዳታው በተቀነሰ ጊዜ የአንድ ቀን የቦዳ ቦዳ ገቢ ለአንድ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ሞተር ሳይክሉ አንድ ቀን ቆሞ እንዳይውል የሚቸኩለውን ሰው አልፈርድበትም።

የፊት ሾክ ደግሞ በዚህ አገር ቶሎ ይጎዳል። ሾክ የምንላቸው የፊት ጎማውን በግራና በቀኝ ይዘው ከመሪው ጋር የሚያገናኙት፣ ውስጣቸው ሞላና ዘይት ያለባቸው ሁለት ረጃጅም እግሮች ናቸው። ላጋ የምንላቸው ደረቅ ወንዞች ውስጥ ያለው ድንጋይ ይደበድባቸዋል፤ አቧራው የዘይት መያዣ ጎሚኒያቸውን ይበላዋል። ዘይቱ ሲፈስ ሞተር ሳይክሉ በፍሬን ጊዜ ይደፋል፤ ዘይቱ ፍሬኑ ላይ ከደረሰም ፍሬን አይዝም። ስለዚህ መቀየሩ ተገቢ ነው። እንዲያውም ሳይቀይሩ መንዳት ሌላ አደጋ ነው።

ችግሩ ያለው አደራረጉ ላይ ነው። እኔም ራሴ ለጎረቤቴ መሪ ይዤለት አውቃለሁ። ምንም አልደረሰብኝም። ምንም ስላልደረሰብኝም ነገሩ ደህና መሰለኝ። ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን ይኸው ነው። አሥር ጊዜ ሳይወድቅ የቀረ ሞተር ሳይክል አሥር ጊዜ በትክክል ተደግፎ ነበር ማለት አይደለም፤ አሥር ጊዜ ዕድል ረድቶናል ማለት ነው። ዕድል ደግሞ መደገፊያ አይሆንም።

ለምን ይወድቃል?

ነገሩን ከሥሩ ብንረዳው ጥንቃቄው ይቀለናል።

ብዙዎቹ የእኛ ሞተር ሳይክሎች መሃል ላይ ባለ ሁለት እግር መቆሚያ አላቸው። ካቫሌቶ የምንለው ማለት ነው። በካቫሌቶው ሲቆም ሞተር ሳይክሉ የሚያርፈው በሦስት ቦታ ነው፤ በሁለቱ የካቫሌቶ እግሮችና በአንዱ ጎማ። ብዙውን ጊዜ መሬት የሚነካው ጎማ የፊተኛው ነው። የፊት ጎማውን ስታወጡ ከሦስቱ አንዱን ነቀላችሁ። ከሦስት ጉልቻ አንዱን አውጥቶ ድስቱ ይቆምልኛል የሚል ባለ ሙያ አለ? የለም። ሾኮቹም ተከትለው ሲወጡ የፊቱ ክብደት ይቀንስና ሚዛኑ ይለወጣል። አሁን ወደ ፊት የሚደፋው፣ ሲነካ ወደ ኋላ ሊቀመጥ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ካቫሌቶ የተሠራው ሞተር ሳይክሉ ወደ ፊት ሲገፋ እንዲታጠፍ ሆኖ ነው። በየቀኑ ከካቫሌቶው የምታወርዱት ወደ ፊት ገፍታችሁ አይደለምን? ያልነቀል ያለውን ሾክ ከፊት ሆኖ የሚጎትት ሰው ሳያውቀው ያንኑ እያደረገ ነው። ካቫሌቶው ይታጠፋል፤ ሞተር ሳይክሉም በጎታቹ ላይ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ ክብደቱ ነው። ለቦዳ ቦዳ የምንጠቀምባቸው ሞተር ሳይክሎች ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ይህ ሁለት ጆንያ ሲሚንቶ ነው። ሁለት ጆንያ ሲሚንቶ ሲወድቅ በእጄ እይዘዋለሁ የሚል ጎልማሳ እንኳ የለም፤ የ11 ዓመት ልጅማ እንዴት ይያዘው? ልጅ ደግሞ ከትልቅ ሰው የሚለይበት ነገር አለ። ትልቅ ሰው ሲፈራ ይለቃል። ልጅ ግን ያዝ ከተባለ አባቱን ላለማሳፈር ብሎ አይለቅም።

የሚነሡ ምክንያቶች

ይህን ሐሳብ ለጎረቤቶቼ ሳነሣ ሦስት ምክንያቶች ሰምቻለሁ።

አንደኛው «ገንዘብ የለኝም፤ የጋራዥ ማንሻ ከየት አመጣለሁ?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ የተሠራ የብረት ማንሻ ውድ ነው። ነገር ግን ሁለት አጫጭር ሞራሌ፣ አንድ ጣውላ፣ ጠንካራ ገመድና አንድ ጄሪካን ውኃ ከአቅማችን በላይ አይደሉም። የብዙዎቹ ግቢ ውስጥ አሁንም አሉ። አንድ ሰው እግሩ ተሰብሮ የሚያጣው የሥራ ጊዜ ከሞራሌ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው «ደቂቃ አይፈጅም፤ ዝም ብለህ ያዝ» የሚል ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ጎማ ማውጣት ደቂቃ ይፈጅ ይሆናል፤ ዝገትና አሸዋ የበላውን ሾክ ማውጣት ግን የምሽቱን ግማሽ ሊወስድ ይችላል። የያዘው ሰው ክንዱ ይዝላል፤ ሐሳቡ ይበተናል፤ ስልክ ይጠራል። ሞራሌ ግን አይደክመውም።

ሦስተኛው «እግዚአብሔር ያላለው አይሆንም» የሚል ነው። እኔም አማኝ ነኝ። ግን ወባ እንዳይነድፈን አጎበር ስንዘረጋ እምነታችን አልጎደለም። ሞተር ሳይክልን በሚገባ መደገፍም እንደ አጎበር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህም ይሠራል።

ታዲያ እንዴት እንደግፈው?

የሞተር ሳይክሉ ዓይነት እንደሚለያይ አስታውሱ። እጃችሁ ላይ ያለውን ሞዴል ከሚያውቅ መካኒክ መጠየቅ አያሳፍርም። ለማንኛውም የሚያገለግሉት ጥንቃቄዎች ግን እነዚህ ናቸው።

1. ቦታና ሰዓት ምረጡ። በቀን ብርሃን፣ ጥላ ባለበት፣ ምድጃና ሻማ በሌለበት ቦታ ሥሩ። ኢንጂኑና የጭስ መውጫው እስኪበርዱ ጠብቁ። ልጆች ከአጠገባችሁ ይራቁ፤ ማየት የሚፈልግ ልጅ ካለ መስመር አስምሩለትና ከመስመሩ ውጭ ይቀመጥ።

2. መሬቱን አጠንክሩ። አሸዋ ላይ ካቫሌቶ ይሰምጣል። ከካቫሌቶው እግሮች ሥር ሰፊ ጣውላ አንጥፉ፤ ጣውላው ራሱ እንዳይወዛወዝ አሸዋውን ደልድሉ። የጎን መቆሚያው ለዚህ ሥራ በፍጹም አይሆንም፤ ሞተር ሳይክሉን አዝምሞ ስለሚያቆመው።

3. ጠንካራዎቹን ብሎኖች ጎማው መሬት ላይ እያለ አላሉ። ብዙ ጉልበት የሚጠይቁትን፣ ማለትም የጎማውን ዘንግ ዳዶና ሾኮቹን ከላይ የያዙትን ብሎኖች፣ ሞተር ሳይክሉ ከመነሣቱ በፊት በጥቂቱ ብቻ አላልታችሁ ተዉአቸው፤ አታውጧቸው። በተነሣ ሞተር ሳይክል ላይ በሙሉ ጉልበት መፍቻ መጎተት ብዙዎችን የሚጥል ስሕተት ነው።

4. ካቫሌቶውን እሰሩ። የካቫሌቶውን እግር ከፊት ካለው የፍሬም ብረት ጋር በጠንካራ ገመድ አጥብቃችሁ እሰሩት። ሞተር ሳይክሉ ወደ ፊት ቢጎተት እንኳ ካቫሌቶው አይታጠፍም። ይህች አንዲት ገመድ ምንም ያህል አታወጣም፤ የምታድነው ግን ብዙ ነው።

5. የኋላውን አክብዱ። በኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ጫኑና እሰሩ፤ 20 ኪሎ ነው። የኋላ ጎማው መሬት እስኪነካና የፊቱ እስኪነሣ ድረስ ክብደቱን መጨመር ይቻላል። የኋላ ጎማውን በፊትና በኋላ በድንጋይ አስይዙ፤ ማርሽ ውስጥም አስገቡት። በዚህ ጊዜ ሰው ኮርቻው ላይ አይቀመጥ። ክብደት ለመሆን የተቀመጠ ሰውም መደገፊያ የሆነ ሰው ነው።

6. ከፊት ከሥር ደግፉ። ከኢንጂኑ በታች ካለው ጠንካራ ክፍል ወይም ከፍሬሙ ብረት ሥር ሞራሌዎቹን መስቀለኛ አድርጋችሁ ደርድሩ፤ ከላያቸው ጠፍጣፋ ጣውላ አድርጉ። የጭስ መውጫውን ቱቦና የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን አታስደግፉ። የጭቃ ጡብ ይፈርሳል፤ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬትም ክብደት አንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። አንዱን በሌላው ላይ የተቆለለ ልሙጥ ድንጋይም ይንሸራተታል።

7. ከቤት ጣሪያ ጋር አትሰሩ። መሪውን ከሼልተሩ አግዳሚ ጋር በገመድ የሚያንጠለጥሉ አሉ። የሼልተሮቻችን እንጨት የተሠራው ቆርቆሮ ለመሸከም ነው። ሞተር ሳይክሉ ቢዘም ጣሪያውንም ይዞ ይወርዳል፤ ከውስጥ የተኛ ሕፃን ሊኖር ይችላል።

8. ፈትኑት። ጎማውን ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት እርምጃ ራቁና ተመልከቱት። ከዚያ ቀረብ ብላችሁ መሪውን ወደ ጎን፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በእጃችሁ በመጠኑ ነቅንቁት። ከተንገዳገደ ድጋፉን አስተካክሉ። ማንም ሳይነካው ጸንቶ ከቆመ አሁን ሥራው ይጀመር።

ረዳት አያስፈልግም አላልኩም። ረዳት መፍቻ ያቀብላል፤ ብሎን ይቆጥራል፤ ጎማ ሲወጣ ከጎን ሆኖ ይቀበላል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ረዳቱ ሻይ ልጠጣ ብሎ ቢሄድ ሞተር ሳይክሉ መቆሙን ይቀጥላል።

እጅ፣ ዓይንና አፍ

መደገፉ ብቻ አይበቃም። ሾክ ውስጥ ያለው ሞላ ታምቆ የተቀመጠ ነው። የላይኛውን ክዳን ስትፈቱ ፊታችሁን ከላዩ አንሡ፤ በመጨረሻዎቹ ጥርሶች ላይ ክዳኑን ወደ ታች ተጭናችሁ በቀስታ ፍቱ። ተስፈንጥሮ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። የዓይን መከላከያ መነጽር ካለ አድርጉ። ዘይት ወይም ቤንዚን ዓይን ውስጥ ከገባ ሳታሹ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ እጠቡና ወደ ክሊኒክ ሂዱ።

የጎማው ዘንግ ሲገባ ቀዳዳው መግጠሙን በጣታችሁ አትፈትሹ። ጎማው በትንሹ ከተንሸራተተ ጣት ይቆረጣል። ቀጭን ብረት ወይም ካቻቪቴ ለዚህ ይበቃል።

የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጉ። ቤንዚን መቀነስ ካስፈለገም በአፋችሁ በላስቲክ ቱቦ አትሳቡ። ቤንዚን ወደ ሳንባ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። የዋጠ ሰው ቢኖር እንዲያስታውክ አታድርጉት፤ ሲያስመልሰው እንደገና ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። ወተት ይፈውሰዋል ብላችሁም አትዘግዩ፤ ወዲያው ወደ ክሊኒክ አምጡት። ሕፃናት እንዳይጠጡት ቤንዚንና አሮጌ ዘይት በውኃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ።

ስትጨርሱም አትቸኩሉ። በሸራ ፍሬን የሚሠራ የፊት ጎማ ከሆነ የፍሬኑ ሳህን ላይ ያለው ክፍተት በሾኩ እግር ላይ ካለው ጥርስ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። ካልገጠመ ፍሬን ስትይዙ ሳህኑ ይዞራል፤ ጎማውም ሊቆለፍ ይችላል። ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጥብቁ፤ መሪው በግራና በቀኝ ያለ እንቅፋት መዞሩን እዩ፤ ፍሬኑን በእግር እየሄዳችሁ ሞክሩ። የመጀመሪያውን ጉዞ ብቻችሁን፣ በዝግታ፣ ኮፍያ አድርጋችሁ ሂዱ፤ ስትመለሱም ብሎኖቹን ደግማችሁ ፈትሹ። ተሳፋሪ የሚጫነው ከዚያ በኋላ ነው።

ከወደቀስ?

ይህ የእኔ የሙያ ድርሻ ስለሆነ በጥሞና አንብቡት።

ሰው ሥር ከሆነ ብቻችሁን አትጎትቱ። ጩኹ፣ ሰው ሰብስቡ፤ ሲጋራና እሳት ይራቅ፤ ሁለት ሦስት ሰው ሞተር ሳይክሉን ያንሣ፣ አንዱ ብቻ ተጎጂውን ያውጣ። አንገቱን ወይም ጀርባውን የሚያመው ከሆነ አደጋ ከሌለበት በስተቀር ከቦታው አታንቀሳቅሱት።

የሚደማ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት፤ ቆመ አልቆመም እያላችሁ በየደቂቃው አትግለጡ። ቡና፣ አፈር ወይም ዘይት ቁስል ላይ አታድርጉ። ጣት ከተቆረጠ የተቆረጠውን ክፍል በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በፌስታል ውስጥ አድርጉ፤ ፌስታሉን ቀዝቃዛ ውኃ ላይ አስቀምጣችሁ ከተጎጂው ጋር አምጡት። በረዶ ቢገኝም በቀጥታ እንዳይነካው።

የጭስ መውጫው ካቃጠለው ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ አፍስሱበት። ውኃ እዚህ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለዚህ ግን አይቆጠብ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤና እንቁላል ቃጠሎን አያድኑም፤ ቁስሉን ያቆሽሹታል።

አጥንት የተሰበረ ከመሰላችሁ አትጎትቱት፣ አታሹት። ካርቶን ወይም እንጨት በጨርቅ ለብጣችሁ እንዳለ ደግፉት። ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ያበጠ እግር ላይ አጥብቆ የታሰረ እንጨት የደም ዝውውርን አቋርጦ እግር እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። አስቀድሞ ክሊኒክ ይታይ። የተሰበረ እግር ያለውን ሰው በቦዳ ቦዳ አንጠልጥላችሁ አታምጡት፤ አምቡላንስ ጥሩ። የአምቡላንሱን ስልክ ቁጥር በአቅራቢያችሁ ካለው ክሊኒክ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ በስልካችሁ ያዙት።

ቁስል ሳይታይ የሚያስፈራም አለ። የተጨፈለቀ እግር ወይም እጅ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ወጥሮ ካበጠ፣ ከደነዘዘ ወይም ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ሰዓት አይሰጥም። መሪው ሆዱን የመታው ሰው ከላይ ምንም ሳይታይበት ውስጡ ሊደማ ይችላል፤ ሆዱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ከገረጣ ይምጣ። ራሱን የተመታ ሰው ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ንግግሩ ከተምታታ ሌሊትም ቢሆን አታሳድሩት።

በመጨረሻ ስለ ቴታነስ። ተሕዋሲው አፈር ውስጥ ይኖራል። እናቶቻችን በእርግዝና ጊዜ ስለሚከተቡ የተሻለ ጥበቃ አላቸው። ብዙ አዋቂ ወንዶች ግን ከልጅነታቸው ወዲህ አልተከተቡም፤ በጦርነትና በስደት ምክንያት የልጅነቱንም ክትባት ያላገኙ አሉ። አፈርና ዝገት የነካው ቁስል ያለበት ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም ለክትባቱ ወደ ክሊኒክ ይምጣ።

ለእኛ ለሁላችን

ለሥራ ባልደረቦቼ ለጤና ሠራተኞች የምለው አለኝ። በየብሎኩ ስንዞር ስለ ኮፍያ እናስተምራለን፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሞተር ሳይክል ሰው የሚጎዳው ሲሄድ ብቻ እንዳይመስለን። ግቢ ውስጥ ቆሞም ይጎዳል። በቤት ለቤት ጉብኝታችን ጎማው የወጣ ሞተር ሳይክልና መሪ የያዘ ልጅ ስናይ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ብለን አንለፍ።

ለቦዳ ቦዳ ማኅበራት ደግሞ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እያንዳንዱ ነጂ ማንሻ መግዛት አይችልም። በአንድ መቆሚያ ቦታ ያሉ ነጂዎች ግን በጋራ አዋጥተው አንድ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ማሠራት ይችላሉ። በመካከላችን የሠለጠኑ በያጆች አሉ። መደገፊያውን ከሁለት ሞራሌና ከአንድ ገመድ ጋር በአንድ አባል ቤት አስቀምጡ፤ የሚፈልግ ወስዶ ይመልስ። ለቀብርና ለሠርግ ድንኳንና ድስት በዕድራችን በጋራ የምንይዝ ሰዎች ይህ አይከብደንም። ጎረቤቶቻችን ሱዳናውያን፣ ሶማሌዎችና ኮንጓውያንም የሚነዱት ተመሳሳይ ሞተር ሳይክል ነው፤ እነርሱም ቢያዋጡ ይጠቅመናል እንጂ አይጎዳንም።

ለአባቶች ያለኝ ቃል አጭር ነው። ልጃችሁ ሙያ እንዲለምድ ከፈለጋችሁ አስለምዱት። መጀመሪያ የምታስተምሩት ግን ሞተር ሳይክሉን ያለ ሰው ማቆም ይሁን። ይህን አይቶ ያደገ ልጅ ነገ የራሱን ልጅ «ያዝልኝ» አይለውም።

የዚያ ልጅ አባት ጀሶው ሲፈታ አብሮ መጥቶ ነበር። ሾኩን በኋላ ማን እንደቀየረው ጠየቅሁት። «ራሴ ነኝ» አለኝ፤ «ሁለት ሞራሌ ገዝቼ። ልጄ ከመስመሩ ወዲያ ተቀምጦ መፍቻ ያቀብለኝ ነበር።»

ጤናና ሰላም ከሁላችን ጋር ይሁን።